«ጥሩ ነው» ሲሏችሁ አትለፉ፦ የተጠቃሚ ልምድ ዲዛይን ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመመረቂያ ሥራቸውን ሊያሳዩኝ ለሚመጡ የባሕር ዳር ተማሪዎች መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማን ሲጠቀምበት አያችሁ?» ብዙዎቹ በመልስ ፈንታ ስልካቸውን አውጥተው ያማረ ገጽ ያሳዩኛል። የመስተጋብርና የተጠቃሚ ልምድ ዲዛይን፣ ማለትም ሰው መተግበሪያን ሲጠቀም የሚያየውን፣ የሚነካውንና የሚገጥመውን መንደፍ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በሶፍትዌር ምህንድስና ውስጥ እንደ አንድ ኮርስ ሲሰጥ ጊዜው ያጥራል። ተማሪው ሥዕሉን ይይዝና ሰውየውን ይጥላል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን እኔም ተማሪ ሳለሁ ሠርቻቸዋለሁ።

ከፊግማ መጀመር

ርዕስ በተሰጠ ማግስት የመተግበሪያ ገጾች የሚሣሉበትን ፊግማ የተባለ ሶፍትዌር ከፍቶ ቀለም መምረጥ የተለመደ ነው። አንድ ቡድን ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች የትኬት መተግበሪያ ሊሠራ ተነሣ እንበል። ወደቡ ላይ ግማሽ ቀን ካልቆመ ተሳፋሪው ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ጀልባው እስኪሞላ ማን እንደሚጠብቅ፣ ቡናና ጌሾ ይዞ የሚመላለሰው የዘጌ ገበሬ ገዳማቱን ሊያይ ከመጣው ጎብኚ በምን እንደሚለይ አያውቅም። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት መተግበሪያ ይገለብጣል። «የመቀመጫ ቁጥር ይምረጡ» ይላል፤ ጀልባው ውስጥ ያለው ግን አግዳሚ ወንበር ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣው በምናብ የተፈጠረ ተጠቃሚ ነው። ምናባዊ ተጠቃሚ የመሣል ዘዴን እ.ኤ.አ. በ1999 ያስተዋወቀው የሶፍትዌር ዲዛይነሩ አላን ኩፐር ሐሳቡን የገነባው ከእውነተኛ ሰዎች ጋር በተደረገ ውይይት ላይ ነበር። ማንንም ሳያነጋግሩ «የ28 ዓመት ነጋዴ፣ ቴክኖሎጂ ወዳድ» ብሎ መጻፍ ግን የራስን ፍላጎት ሌላ ስም መስጠት ነው።

«ጥሩ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ውጤት መመዝገብ

በዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የትምህርቱ ልብ ያለው እዚህ ነውና።

በሦስተኛ ዓመቴ በወረቀት የሣልነውን የትኬት መተግበሪያ ይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ጀልባ የሚጠብቁ አንዲት እናት አጠገባቸው አስቀመጡንና አንድ በአንድ አዩልን። «ጎሽ ልጆቼ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው!» እያሉ መረቁን። እኔም በደብተሬ ላይ «ተጠቃሚዋ ረክተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ማታ ጓደኛዬ የያዘውን ማስታወሻ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። እናታችን «ቦታ ይያዙ» የሚለውን ቁልፍ አንድም ጊዜ አልነኩትም። ጣታቸው የጀልባዋን ሥዕል ሁለት ጊዜ ነካ፤ ከዚያም ወረቀቱን አብራቸው ለነበረች ልጅ አቀበሉ። አፋቸው የነገረንና እጃቸው የነገረን የተለያየ ነበር፤ እኔ የሰማሁት አፋቸውን ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። የሰው ልጅ ደክሞ ያመጣውን ሥራ ፊት ለፊት የሚያጣጥል ሰው ጥቂት ነው፤ በተለይ ተማሪ ሲሆን ደግሞ ሁሉም እንደ ልጁ ያየዋል። ስለዚህ «ወደዱት? ይመቻል?» የሚል ጥያቄ መልሱ ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነው። በጥያቄው ፈንታ ሥራ ስጧቸው። «እማማ፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ወደ ዘጌ ለሁለት ሰው ቦታ ይያዙ» ብላችሁ ዝም በሉ።

ዝምታው ከሁሉም ይከብዳል። ትልቅ ሰው ሲቸገር እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ያደግንበት አይደለም፤ ጣታችን ወደ ወረቀቱ ይሮጣል። እኔን የረዱኝን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አስቀድማችሁ «የሚፈተነው ወረቀቱ ነው፣ እርስዎ አይደሉም፤ እኛም መሐል ላይ አንረዳዎትም፣ ይቅር ይበሉን» በሉ። ሁለተኛ፣ ንድፉን ያልሣለው የቡድኑ አባል ሙከራውን ይምራ፤ «እኔ አልሠራሁትም» ሲል እውነቱን ይናገራል፣ ሰውም መናገር ይቀለዋል። ሦስተኛ፣ ሁለት ጎረቤታሞችን ወይም እኅትማማቾችን አብራችሁ አስቀምጡ። ለእናንተ የማይሉትን እርስ በርሳቸው ይባባላሉ፤ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» የሚለው ድምፅ ከዚያ ነው የሚወጣው። በእርሳስ የተሣለ ሻካራ ወረቀትም ከተጠናቀቀ ገጽ ይልቅ ለነቀፋ በር ይከፍታል፤ ያለቀ የሚመስል ሥራ ማን ይነካል?

የገንዘብ መተግበሪያ ከሆነ ደግሞ ማንም እውነተኛ የሚስጥር ቁጥሩን እንዳያስገባ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ዶርም ውስጥ ሞክሮ «5 ሰው በቂ ነው» ማለት

የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈው ምክር በየመመረቂያ ጽሑፉ ይጠቀሳል፤ 5 ሰዎች ሲሞክሩት ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይገኛሉ የሚለው። የሚረሳው ቀሪው ክፍል ነው። ተጠቃሚዎቹ በጠባያቸው በጣም የተለያዩ ወገኖች ከሆኑ ከእያንዳንዱ ወገን ሰው መጨመር እንደሚያስፈልግ እርሱ ራሱ ጽፏል። 5ቱ ሰዎችም ንድፉን አስተካክሎ ደግሞ ለመሞከር ነው እንጂ አንድ ጊዜ ሞክሮ ለመዝጋት አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ዶርም ውስጥ ያሉ 5 የኮምፒውተር ተማሪዎች እንደ አንድ ሰው ናቸው። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጠው ሴት፣ የጀልባ ካፒቴኑ ሁሉም በእግር መንገድ ርቀት ላይ እያሉ ዶርም ውስጥ መቅረት ያሳዝነኛል።

የእንግሊዝኛ ገጽ ተርጉሞ «የአማርኛ ዲዛይን» ማለት

አማርኛ በቁልፍ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አይደለም፤ ንድፉን ከሥሩ ይለውጠዋል።

ከስም እንጀምር። «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች ለእኛ አይሠሩም። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን፤ ባልና ሚስትም የጋራ ስም የላቸውም። ከዚያ ቀን አለ። 12 ወር ብቻ በሚያሳይ የቀን መምረጫ ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰው የት ይገባል? ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ያው ጀልባ ለዘጌው ገበሬ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ለውጭ ጎብኚው 8 ሰዓት ይነሣል። የሰዓቱን አቆጣጠር ሳይነግር ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ገጽ አንዱን ወገን ወደቡ ላይ ያስቀራል።

ፍለጋ ላይ ደግሞ የከተማችን ስም ራሱ ፈተና ነው። «ባሕር ዳር» እና «ባህር ዳር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንዲቀራረቡ ካልተደረገ ተጠቃሚው «አልተገኘም» ይባላል፤ የፊደል ስህተት የሠራም ይመስለዋል።

አጠራሩን ብዙ ተማሪ ጨርሶ አያስበውም። እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ እኛ ግን «አስገባ» ስንል ወንድ ልጅ መርጠናል። ያቺ እናት «ስልክ ቁጥርህን አስገባ» የሚል ገጽ ሲገጥማቸው ለሌላ ሰው የተሠራ ነው ብለው መተው መብታቸው ነው። «ያስገቡ» ሴትንም ወንድንም፣ ትልቁንም ትንሹንም ይይዛል። ስህተት ሲፈጠርም «ልክ ያልሆነ ግቤት» ከማለት «ስልክ ቁጥሩ 10 አሃዝ መሆን አለበት፤ አንድ ጎድሏል» ማለት ሰውየውን ወደ መፍትሔው ያደርሰዋል። በነገራችን ላይ በ09 የሚጀምረውን ቁጥር ብቻ የሚቀበል ቅጽ አሁንም አያለሁ፤ በ07 የሚጀምሩ ስልኮች ከመጡ ቆይተዋል።

ጥላ ውስጥ ብቻ መመልከት

በላፕቶፕ ላይ የሚያምረው ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ፣ ቀትር ላይ በዘንባባዎቹ ጎዳና ባጃጁን ላቆመ ሾፌር አይታይም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ፣ በጽሑፉና በመደቡ ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። ይህን ለክታችሁ ስልኩን ይዛችሁ ፀሐይ ላይ ውጡ። የአማርኛ ፊደል ቅርጹ የተወሳሰበ ስለሆነ ከላቲኑ ትንሽ ተለቅ ይበል፤ በመስመሮቹም መካከል ቦታ ይኑር።

ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሆነውን አለመሣል

ተማሪዎች የሚሥሉት ሁሉም ነገር የሰመረበትን መንገድ ነው። ክፍያው ይላካል፣ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። ገንዘብ የላከ ሰው ግን ልቡ የሚንጠለጠለው መሐል ላይ ኔትወርኩ ሲጠፋ ነው። ተልኳል? አልተላከም? ደግሜ ልላክ? ለዚህ ቅጽበት ገጽ ያልሣለ ቡድን ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሟል። «ጥያቄዎ አልደረሰንም፤ ከሂሳብዎ የተቀነሰ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ እውነት ሆኖ ከተረጋገጠ፣ ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል።

ስማርት ስልክ የሌለውንም አስቡ። በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከመተግበሪያው ጎን ኮከብ 127 መሰላል ተደውሎ በየትኛውም ስልክ ይሠራል። በቁጥር የሚመረጥ የጽሑፍ ዝርዝርም የመስተጋብር ዲዛይን ነው፤ የትኛው አማራጭ 1 ይሁን፣ ወደ ኋላ እንዴት ይመለስ የሚለው ጥያቄ በቀለም አይሸፈንምና ለተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው።

ለቀጣሪ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ማሳየት

የሥራ ማሳያ ስታዘጋጁ የወደቀውን ንድፍ አትጣሉ። የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ማን የት ላይ እንደቆመበት፣ ከዚያ ምን እንደለወጣችሁ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። እኔ ያን የሐይቅ ዳር ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። የጀልባዋ ሥዕል ላይ የእናታችን የጣት አሻራ አለ፤ በሁለተኛው ንድፋችን ቦታ የሚያዘው ሥዕሏን በመንካት ነበር።