የጌም ፍጻሜ ሙግት፦ ምርጫው የማን እንደነበር በማስረጃ የመከራከር ዘዴ

ብዙ ሰዓት የፈጀ አርፒጂ (የአንድን ካራክተር ሚና ይዘው የሚጫወቱት የታሪክ ጌም) ሲያልቅ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። አንዱ «መጨረሻው ተበላሽቷል» ይላል፣ ሌላው «አልገባህም» ይላል፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ድምፅ እንጂ ሐሳብ አይደለም። ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ እየተነጋገሩ ስላልሆነ ነው። አንዱ የሚያወራው ስለ ታሪኩ ነው፤ ሌላው ስለ ጌሙ አሠራር፤ ሦስተኛው ደግሞ ራሱ ለመረጠው ነገር ጥብቅና ቆሟል። ከዚህ በታች ያለው ዘዴ አንድ ጥያቄን ከሁሉም ያስቀድማል፦ ተጫዋቹ ሲመርጥ ምን ያውቅ ነበር? ይህ ሳይመለስ ስለ ፍጻሜው ማማርና መበላሸት ፍርድ መስጠት መቸኮል ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡ

«የዊቸር 3 መጨረሻ ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው አያከራክርም፤ እያንዳንዱ ስሜቱን ተናግሮ ይቀመጣል። «የሲሪን ዕጣ የወሰነው ተጫዋቹ ነው ወይስ ጌሙ?» ግን ያከራክራል (ሲሪ፣ ተጫዋቹ የሚመራው ጭራቅ አዳኝ ወይም «ዊቸር» ገራልት እንደ ልጁ ያሳደጋት ወጣት ናት)። አንድ ጌም፣ አንድ ውሳኔና ሁለት ሊደገፉ የሚችሉ ወገኖች አሉትና። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እናንተ የማታምኑበትን ወገን ይዛችሁ ሁለት ደቂቃ መናገር ካቃታችሁ ጥያቄው ገና አልበሰለም፤ እንደገና ጻፉት።

ቀጥሎ ስለ የትኛው ጌም እንደምትከራከሩ ተስማሙ። ይህ የማያስፈልግ ይመስላል፣ ግን ግማሹ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። ባልደርስ ጌት 3 እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በኮምፒውተር ሲወጣ የነበረው መጨረሻ ዛሬ ካለው ጋር አንድ አይደለም። በዚያው ወር ማብቂያ የወጣው ፓች 2 (ፓች ማለት ጌሙ ከወጣ በኋላ የሚለቀቅ ማሻሻያ ነው) ከተጫዋቹ ጓደኞች አንዷ ለሆነችው ለካርላክ አዲስ የፍጻሜ አማራጭ ጨመረ፤ በኖቬምበር መጨረሻ የወጣው ፓች 5 ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ጓደኞቹ የሚገናኙበትን ማጠቃለያ አመጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጨረሰ ሰው «ጓደኞቼ የት እንደደረሱ ሳላውቅ አለቀ» ቢል ትክክል ነው፤ በ2024 የጨረሰም «ሁሉንም ተሰናብቻለሁ» ቢል ትክክል ነው። ማስ ኢፌክት 3 የዚህ ክርክር ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ ቆይቷል፤ በማርች 2012 ወጥቶ ተጫዋቹ ሲያማርር ሠሪው ባዮዌር በጁን ወር የተራዘመ ፍጻሜ በነጻ ለቀቀ። ስለዚህ ተከራካሪ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይናገር፦ የትኛውን ፓች እንደተጫወተ፣ ዲኤልሲ (ለብቻው የሚለቀቅ ተጨማሪ ክፍል) እንደነበረው ወይም እንዳልነበረው፣ ራሱ ጨርሶት እንደሆነ ወይም ዩቲዩብ ላይ አይቶት እንደሆነ። ዩቲዩብ ላይ ያየ ሰው አይከልከል። ነገር ግን አርባ ሰዓት አብሮ የተጓዘውን ካራክተር ያጣ ሰው የሚሰማውን ክብደት እሱ ሊመሰክርበት አይችልም፤ ስለ አሠራሩ ብቻ ይናገር።

የምርጫውን ካርታ ሥሩ

አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ተጫዋቹ ያየው፣ ጌሙ የመዘገበው፣ ውጤቱ የታየበት ቦታ። ከዚያ ውሳኔዎቹን አንድ በአንድ አስገቡ።

በ2015 የወጣው ዊቸር 3 ለዚህ የተመቸ ነው። ሲሪ በመጨረሻ መትረፏን ወይም መጥፋቷን የሚወስኑት አምስት ቦታዎች ናቸው፤ ሲመጡ አንዳቸውም «ተጠንቀቅ» የሚል ምልክት የላቸውም።

የመጀመሪያው ከገራልት መምህር ከቬስሚር ሞት በኋላ ነው። ሲሪ አንገቷን ደፍታለች። ገራልት ሁሉንም መቻል እንደሌለባት ነግሮ አብሯት ሊጠጣ ይችላል፤ ወይም ወደ ውጭ አውጥቷት በበረዶ ኳስ ሊወራወሩ ይችላሉ። ጌሙ በረዶውን በበጎ፣ መጠጡን በክፉ ይመዘግባል። ሁለተኛው አባቷ የኒልፍጋርድ ንጉሠ ነገሥት ኤምሂር ዘንድ ሲወስዳት የሚመጣው የገንዘብ ስጦታ ነው፤ መቀበሉ ክፉ፣ እምቢ ማለቱ በጎ ነው። ኤምሂር ዘንድ ጭራሽ ካልሄዱ ይህ ነጥብ አይቆጠርም፣ ግን ሲሪ ንግሥት የምትሆንበት መንገድ አብሮ ይዘጋል። ሦስተኛው ከሴት አስማተኞቹ ማኅበር ጋር የምታደርገው ስብሰባ ነው፤ ብቻዋን እንድትገባ መፍቀድ በጎ፣ አብሮ መግባት ክፉ። አራተኛው የአስተማሪዋ የአቫላክ ላቦራቶሪ ነው፤ ስትናደድ ዕቃውን እንድትሰባብር መተው በጎ፣ ተረጋጊ ማለት ክፉ። አምስተኛው ስክያል የተባለው ወጣት መቃብር ነው፤ አብሯት መሄድ በጎ፣ ጊዜ የለንም ማለት ክፉ።

በጎው ቢያንስ 3 ካልሞላ ሲሪ ዓለማትን ወደሚያጠፋው ወደ ነጩ ብርድ ገብታ አትመለስም። የሦስተኛው ዓምድ መልስም ለአምስቱም አንድ ነው፦ ሁሉም የሚታዩት መጨረሻው ላይ ነው።

ካርታው ሲያልቅ ክርክሩ ከስሜት ወጥቶ መሬት ይይዛል። «ተጫዋቹ አልወሰነም» የሚለው ወገን የመጀመሪያውን ረድፍ ያነሳል፤ ያዘነን ሰው አብሮ መጠጣትም ማጽናናት ነው፣ ይህ በሴት ልጅ ሕይወት ላይ ፍርድ ሊሆን እንደሚችል ምን ጠቆመ? ገንዘቡንም የተቀበለ ሰው ዊቸር በክፍያ የሚሠራ መሆኑን አስቦ ካራክተሩን በደንብ ተጫውቶ ሊሆን ይችላል። ሌላው ወገን የሦስተኛውንና የአራተኛውን ረድፍ ያሳያል፦ ጌሙ ደጋግሞ የሚጠይቀው ልጅቷን ታምናታለህ ወይስ ትይዛታለህ እያለ ነው፣ ልጅ ማሳደግም ውጤቱ በየቀኑ የማይነገርበት ሥራ ነው፤ ነጥቡ ቢታይ ኖሮ ሰው ነጥብ ይሰበስብ ነበር እንጂ ልጅ አያሳድግም ነበር። የእኛ ሚዛን ወደዚህኛው ያደላል፣ ከመጀመሪያው ረድፍ በስተቀር። መጠጡ ከመያዝም ካለማመንም የሚመደብ አይደለም፤ የቀሩት የሚከተሉትን መርሕ አይከተልም። እንዲህ ያለ ከረድፎቹ የሚወጣ አንድ ረድፍ ማግኘት በክርክር ውስጥ ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅም ነገር ነው።

ሦስት መፈተኛዎች

ካርታው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ውሳኔ በሦስት ጥያቄ ፈትኑት፦ ተጫዋቹ የሚመርጠውን ያውቅ ነበር? የመረጠው ነገር ዋጋ አስከፍሎታል? በምርጫው ምክንያት የተለወጠ ነገር አለ? ሦስቱንም የሚያልፍ ምርጫ ጥቂት ነው፤ የትኛው ላይ እንደወደቀ መለየት ግን ወቀሳውን ትክክለኛ ቦታው ላይ ያሳርፋል።

በዋጋ ላይ የሚወድቀው በ2009 በወጣው ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ ውስጥ የሬድክሊፉ ሕፃን ኮነር ነገር ነው። በልጁ ላይ ጋኔን ሰፍሮበታል። ልጁን መግደል ይቻላል፤ እናቱ ኢሶልዴ በደም አስማት ራሷን እንድትሠዋ መፍቀድ ይቻላል፤ ወይም ወደ አስማተኞቹ ማማ ሄዶ እርዳታ ማምጣት። ሁለቱ ያማሉ። ሦስተኛው ግን ማንንም አይገድልም፤ ደርሳችሁ እስክትመለሱ ድረስም ጋኔኑ በከተማው ላይ ምንም አያደርስም። ስለዚህ መንገዱን ያወቀ ሰው ሁሉ ወደ ማማው ይሄዳል፣ ከባዱ ጥያቄም ይተናል። እዚህ ጋ አንድ ነገር አትርሱ፦ ቀደም ብሎ ማማው ላይ አስማተኞቹን ያስጨረሰ ተጫዋች ይህ አማራጭ አይኖረውም። ለእሱ ዋጋው ሙሉ ነው። «ነጻ መውጫ አለው» የሚል ተከራካሪ ይህን ካላነሳ ተቃራኒው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥለዋል።

በዚያው ጌም መጨረሻ የሞሪጋን ጥያቄ ደግሞ በተሻለ ሁኔታ ያልፋል። ከመጨረሻው ጦርነት በፊት በነበረው ሌሊት፣ አርችዴመኑን (የጠላት ጦር መሪ የሆነውን ዘንዶ) የሚገድለው ግሬይ ዋርደን (ተጫዋቹ የሚገባበት የተዋጊዎች ማኅበር አባል) አብሮ እንደሚሞት ተጫዋቹ ያውቃል፤ አብራው የምትጓዘው አስማተኛ ሞሪጋን ሞትን የሚያስቀር ሥርዓት ታቀርባለች፤ ከሥርዓቱ የሚወለደው ልጅ ምን እንደሚሆን ብቻ ሳይነገር ይቀራል። ዕውቀቱ ለመወሰን ይበቃል፣ ጥርጣሬውም ለመፍራት ይበቃል።

ለውጥ ላይ የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር የሚኩራሩት ናቸው። «ብዙ ፍጻሜ አለው» ሲባል አባዙትና እዩት። በዊቸር 3 ሲሪ ሦስት ዕጣ አላት (መጥፋት፣ ዊቸር መሆን፣ ንግሥት መሆን)፣ በኒልፍጋርድና በሰሜኑ መንግሥታት መካከል ያለው ጦርነት ሦስት አሸናፊ ሊኖረው ይችላል፣ የስኬሊገ ደሴቶች ዙፋን ላይም ሴሪስ፣ ህያልማር ወይም ስቫንሪገ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ይህ ብቻ 27 ጥምረት ነው። ታሪኩን የሚያጥፉት ግን የሲሪ ሦስቱ ናቸው። መጠየቅ ያለበት ስንት እንዳለ ሳይሆን አንዱ ሌላውን ይነካ እንደሆነ ነው። ይነካልም፦ ሲሪ ንግሥት የምትሆነው ኒልፍጋርድ ካሸነፈች ብቻ ነው፣ ኒልፍጋርድ የምታሸንፈው ደግሞ የሰሜኑ ንጉሥ ራዶቪድ ተገድሎ ገራልት ከወታደሩ ሮሽ ጎን በሰላዩ ዳይክስትራ ላይ ሲቆም ነው። ይህ ከ27ቱ ይልቅ የሚያስመሰግን ነገር ነው።

ከባዱ ጉዳይ፦ ኤምፐረሩ

መፈተኛዎቹን የሚያስቸግር ጉዳይ ለምትፈልጉ፣ የባልደርስ ጌት 3 ኤምፐረርና ኦርፊየስ አሉ። ኤምፐረሩ ተጫዋቹን የሚረዳ ማይንድ ፍሌየር (የሰው አእምሮ የሚበላ ፍጡር) ነው፤ ኦርፊየስ የታሰረ ልዑል ነው፤ የመጨረሻው ጠላት ደግሞ ማይንድ ፍሌየሮችን የሚገዛው ግዙፍ አንጎል ነው። ተጫዋቹ ኤምፐረሩን ካመነ ኤምፐረሩ የታሰረውን ኦርፊየስ አእምሮ ይበላል። ኦርፊየስን ለማስፈታት ከዲያብሎሱ ከራፋኤል ቤት የሚገኘው መዶሻ ያስፈልጋል፤ ከተፈታ ኤምፐረሩ ወዲያው ወደ ጠላት ይሄዳል፣ አንጎሉን ለመግጠምም አንድ ሰው ወደ ማይንድ ፍሌየር መለወጥ አለበት፦ ኦርፊየስ ራሱ፣ ተጫዋቹ፣ ካለችም ካርላክ።

ዕውቀት አለ፣ ዋጋ አለ፣ ለውጥ አለ። ታዲያ ሰው ለምን ያኮርፋል? የሚያጣላው አራተኛ ነገር ነው፦ ተጫዋቹ ሊሞክረው የሚፈልገው መንገድ ጭራሽ አለመኖሩ። ኤምፐረሩ ከአንጎሉ ባርነት ያመለጠና ከሁሉም በላይ እሱን የሚፈራ ፍጡር ነው፤ ሁለቱን አስታርቆ ለማቆየት የሚያስችል አንድ የማሳመን ዳያሎግ እንኳ የለም። ጌሙን የሚከላከለው ወገን በበኩሉ ጠንካራ መልስ አለው፦ ኤምፐረሩን ከአንጎሉ የሚጠብቀው የኦርፊየስ ኃይል ነው፤ ኦርፊየስ ነጻ ከወጣ ማይንድ ፍሌየርን በሕይወት የሚተውበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ክህደቱ ፍርሃት ነው። ይህን ስትከራከሩ «መንገዱ መኖር ነበረበት» እና «መንገዱ ቢሞከርና ቢከሽፍ ይሻል ነበር» የሚሉትን ለዩ። ሁለተኛው የበለጠ ያስኬዳል፤ ታሪኩን ሳይለውጥ ለተጫዋቹ የሞከረበትን ክብር ይሰጠዋልና።

የሚያበላሹ ነገሮች

የመጀመሪያው ካኖን (ገንቢው «በእርግጥ የሆነው ይህ ነው» ብሎ የወሰነው ታሪክ) ነው። «በቀጣዩ ክፍል እንዲህ ሆኗል» የሚለው ማስረጃ ገንቢው በኋላ ምን እንደመረጠ ያሳያል እንጂ የእናንተ ምርጫ ትክክል መሆኑን ወይም አለመሆኑን አያሳይም። ሁለተኛው የተጫዋቹን ጠባይ መፍረድ ነው፤ «ይህን የመረጠ ሰው ጨካኝ ነው» የተባለ ዕለት ሰዎች የመረጡትን መደበቅ ይጀምራሉ፣ ካርታውም ይዛባል። ሦስተኛው ሴቭ (ቀድሞ የተቀመጠ ጨዋታ) እየመለሱ መጫወት ነው። ሁለቱንም ውጤት አይቶ የመረጠ ሰው የሚያወራው ስለ ሌላ ዓይነት ምርጫ ነውና፣ መጀመሪያ በመጀመሪያው ዙር ምን እንደመረጠ ይናገር። ኤልደን ሪንግ ላይ ይህ በተለይ ያምታታል፤ ከስድስቱ ፍጻሜ የከፈታችኋቸው ከመጨረሻው ጦርነት በኋላ አንድ ላይ ይቀርባሉ፣ ስለዚህ እውነተኛው ውሳኔ ያለው ኩዌስቶቹን (ተልእኮዎቹን) መከተል ወይም መተው ላይ ነው። የእብደት እሳቱን የተቀበለ ብቻ ሌሎቹ ይዘጉበታል፣ «የሚኬላ መርፌ» የተባለውን ዕቃ ፈልጎ ካልተጠቀመ በስተቀር።

ደግሞ ገራልት ስም፣ ታሪክና ጠባይ ያለው ሰው ነው፤ በድራገን ኤጅ ግን ካራክተሩን የሠራው ተጫዋቹ ነው። «እኔ እንዲህ አላደርግም ነበር» ለሁለተኛው በቂ ማስረጃ ነው፣ ለመጀመሪያው አይደለም።

ክርክሩን ማካሄድ

ከአራት እስከ ስድስት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የማይናገር ሰው ይበዛል። ጌሙን ያልጨረሰ ካለ አስቀድሞ ይነገረው። በቴሌግራም የምትጻጻፉ ከሆነ ፍጻሜ የሚነካውን ጽሑፍ መርጣችሁ በስፖይለር ሸፍኑት፤ በዲስኮርድ ጽሑፉን በሁለት ሁለት ቋሚ መስመር መክበብ ይበቃል። ከሽፋኑ ውጭ የጌሙን ስምና እስከ የት እንደደረሰ ጻፉ፤ ስም የሌለው ሽፋን ሰውን እንዲነካው ይጋብዛል።

ካርታውን በጋራ ለመሥራት ሃያ ደቂቃ ስጡ፤ እዚህ ላይ ማንም አይከራከር፣ ስህተት ብቻ ይታረም። የተጠራጠራችሁትን ዳያሎግ ሴቭ ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ወገን አምስት አምስት ደቂቃ፣ ለመልስ ሦስት ሦስት። መልስ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የተቃራኒውን ሐሳብ ራሱ ባለሐሳቡ «አዎ፣ ይህንን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ይድገም። በመሃል ወገን ተለዋወጡና አንድ ዙር ጨምሩ።

መጨረሻ ላይ ድምፅ አትስጡ። ይልቁንስ እያንዳንዱ ሰው ጌሙ ላይ የሚለውጠውን አንድ ነገር ይጻፍ፣ ከአንድ ዳያሎግ ወይም ከአንድ ትዕይንት ያልበለጠ፤ ለምሳሌ የመጠጡን ረድፍ ከቆጠራው ማውጣት። ከዚያ ያ ለውጥ ካርታው ላይ የትኞቹን ሌሎች ረድፎች እንደሚያናጋ አብራችሁ ፈትሹ።