ሞተ የተባለ ሳብዉፈር፦ ትራንዚስተሩን ከመንቀላችሁ በፊት ትናንሾቹን ካፓሲተሮች እዩ

ሳብዉፈር (ከባዱን ድምፅ የሚያወጣው ባለ ሳጥን ስፒከር) ተበላሽቶ ሲመጣ ባለቤቱ የሚናገረው ሁሌም አንድ ነው። «አምፕሊፋየሩ ነደደ» ይላል። ከፍቼ ሳየው ግን ስፒከሩን የሚነዱት ትልልቆቹ ትራንዚስተሮች አብዛኛውን ጊዜ ሰላም ናቸው። የሞተችው የጣት ጥፍር የምታክል፣ ቻርጅ የምትይዝ ካፓሲተር ናት። ያቺን ካፓሲተር ስንት ጊዜ እንደቀየርኩ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ።

ሶኬቱን፣ ገመዱን፣ የቮልዩም ቁልፉን አይታችኋል ብዬ ልለፍ። ስፒከሩን ግን ለኩልኝ። 4 ኦም የተባለ ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ ከ3 እስከ 4 ያሳያል። ምንም ካላሳየ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ (ኮይሉ) ተበጥሷል። ያኔ አምፕሊፋየሩን ብቻ መጠገን ልፋት ነው።

እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት

ከሶኬት ነቀላችሁ ማለት ኤሌክትሪክ የለም ማለት አይደለም። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ በቺፕ እየቆራረጠ የሚቀይር ክፍል) ባለው ቦርድ ላይ ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። የተበላሸ ቦርድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ኃይሉን የሚበላው ክፍል ስለሞተ ቻርጁ መሄጃ የለውም፤ ተኝቶ ይጠብቃችኋል።

በካቻቪቴ አገናኝቶ ማፈንዳት የሚወድ ሰው አለ። እኔም ጀማሪ ሆኜ ሞክሬዋለሁ። የካቻቪቴው ጫፍ ቀለጠ፣ ጆሮዬ እስከ ማታ ጮኸ፣ የቦርዱ የመዳብ መስመርም ተነቅሎ ወጣ። ከብልሽቱ በላይ እሱን መጠገን ነው የፈጀብኝ። ከ2 እስከ 5 ኪሎኦም የሆነ የ10 ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ዕቃ) በፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ያዙና በካፓሲተሩ እግሮች ላይ 15 ሰከንድ ያህል አቆዩት። ከዚያ በመልቲሜትር ለኩ። ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ድገሙት። በተሰካ ቦርድ ላይ መለካት ካለባችሁ በአንድ እጅ ብቻ ለኩ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ፣ ልጆችንም ከክፍሉ አስወጡ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እምምም ይላል፣ ዱግ ዱግ ይላል፣ ወይም ጭራሹን ዝም

እነዚህ ሁሉ የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ። አይደሉም። ከአስር ዘጠኙ ምንጫቸው አንድ ነው፤ የደረቀ ካፓሲተር። «ሲሞቅ ይሰራል፣ ጠዋት ጠዋት እምቢ ይላል» የሚለውንም ጨምሩበት። እንዲያውም ይህን ስሰማ ቦርዱን ሳላይ ካፓሲተሮቹን ማዘጋጀት እጀምራለሁ።

ለምን እነሱ? የሳብዉፈር አምፕሊፋየር በሳጥኑ ጀርባ በብረት ሰሌዳ ላይ ይታሰራል። ሰሌዳው በውጭ በኩል ትልልቆቹን ትራንዚስተሮች ያቀዘቅዛል። ትናንሾቹ ክፍሎች ግን ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው፤ አየር የማይገባበት፣ በጥጥ የታፈነ ሳጥን ውስጥ። ሙዚቃ ባይኖርም መሣሪያው ቀንና ሌሊት እንደተሰካ ነው። ስታንድባይ ላይ ሆኖም ምልክት የሚጠብቀው ክፍል ሥራ ላይ ነው።

በብዙ ቦርዶች ላይ ይህ ክፍል የሚፈልገው ፕላስና ማይነስ 15 ቮልት የሚገኘው ከትልቁ ቮልቴጅ ላይ በሬዚስተርና በዜነር ዳዮድ (ቮልቴጁን በአንድ ልክ በሚይዝ ዕቃ) ተቀንሶ ነው። ያ ሬዚስተር ትርፉን ሁሉ ወደ ሙቀት ይቀይራል። ቦርዱ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እና አምራቹ ካፓሲተሩን የት አስቀመጠው? እዚያው፣ ሬዚስተሩን ተደግፎ። ይህን ንድፍ የሠራው ሰው አንድ ቀን የራሱን ዕቃ እንዲጠግን እመኛለሁ።

ሒሳቡን እንሥራ። ርካሽ ካፓሲተር ላይ 85 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል፤ ዕድሜው በዚያ ሙቀት 2000 ሰዓት ነው እንበል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። በ65 ዲግሪ 8000 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ዓመት ደግሞ 8760 ሰዓት አለው። 24 ሰዓት ለተሰካ ዕቃ ዓመት እንኳ አይሞላም። የ105 ዲግሪና የ5000 ሰዓት ካፓሲተር ብታደርጉበት በዚያው ሙቀት ወደ 80,000 ሰዓት ይሄዳል፤ ዘጠኝ ዓመት። የሁለቱ የዋጋ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አምራቹ ግን እሷንም ይቆጥባታል።

ካፓሲተሩ ሲደርቅ ቮልቴጁን ማለስለስ ያቅተዋል፤ እምምም የሚለው ከዚያ ይመጣል። ቮልቴጁ ሲዋዥቅ የድምፅ ማጉያው ክፍል በራሱ መነቅነቅ ይጀምራል፤ እንደ ጄኔሬተር ዱግ ዱግ የሚለው እሱ ነው። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ላይ ደግሞ መቆጣጠሪያ ቺፑን የምታስነሳ ከ22 እስከ 100 ማይክሮፋራድ የሆነች ትንሽ ካፓሲተር አለች። እሷ ከደረቀች ቺፑ ይነሳል ይወድቃል፣ ይነሳል ይወድቃል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፤ ትልቁ ካፓሲተር ጤነኛ ነው፣ ትራንዚስተሩም ጤነኛ ነው።

ዓይናችሁን አትመኑ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ሲበላሹ አናታቸው ያብጣል። ትናንሾቹ ግን ምንም ሳይመስሉ ይሞታሉ። የውስጥ ሬዚስታንሳቸውን የሚለካ የኢኤስአር መለኪያ ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ የፀጉር ማድረቂያ አምጡና ከተጠረጠረው ካፓሲተር ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሞቅ ያለ አየር ንፉበት። ዕቃው ከተነሳ ሌባውን ያዛችሁት። ፕላስና ማይነስ 15ቱንም ለኩ። አንዱ ወገን 8 ወይም 9 ላይ ቁጭ ካለ እዚያው አካባቢ ቆፍሩ።

ስትቀይሩ አንዷን ብቻ አትቀይሩ። አብረው ተጠብሰዋል፤ ሌላዋ ከወር በኋላ ትከተላለች። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ፕላስና ማይነሱን ያዟዟረ ሰው ሲያስነሳው ጧ ይላል፤ ፊቱንም ያገኘዋል። ቦርዱ ላይ የታተመውን ምልክት ብቻ አትመኑ፤ ተሳስቶ የታተመ አጋጥሞኛል። ቦታ ካለ አዲሶቹን ከትኩሱ ሬዚስተር ራቅ አድርጓቸው። ሬዚስተሩንም ቀይራችሁ ከቦርዱ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።

አሁን ስለ ማስቲሹ ልናገር፤ ይህ ነገር ደሜን ያፈላዋል። ዕቃዎቹ በንዝረት እንዳይረግፉ ፋብሪካው ክሬም የሚመስል ማስቲሽ ያፈስባቸዋል። ዓመታት ሲያልፉና ሙቀት ሲመታው ቡናማ ይሆናል፣ እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል። የሬዚስተርና የዳዮድ እግርም ይበላል። አንድ ሳብዉፈር ሁለት ቤት ተጠግኖ ሦስተኛ እኔ ጋ መጣ። ሁለቱም ቤት ትራንዚስተሮች ተቀይረዋል። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ ዕቃው በየሳምንቱ በራሱ ይጠፋል። ማስቲሹን ስፍቀው ከሥሩ አንዲት ዜነር ዳዮድ በአንድ እግሯ ብቻ ቆማ አገኘኋት። ሌላው እግር አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። እሷን ቀይሬ፣ ማስቲሹን ጠራርጌ፣ ቦርዱን በአልኮል አጥቤ ሰጠሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። ቡናማ ማስቲሽ ካያችሁ ሰበብ አትፈልጉ፤ ፍቃችሁ አውጡት። በምትኩ ሲሊኮን ካደረጋችሁ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን አትጠቀሙ። እሱም መዳብ ይበላል።

እዚያው እያላችሁ የትልልቆቹን ክፍሎችና የማገናኛዎቹን እግር በአዲስ የመበየጃ ሊድ አሙቁት። ሳብዉፈር ሥራው መንቀጥቀጥ ነው። በእግሩ ዙሪያ ሊዱ ላይ የሚፈጠረው ክብ ስንጥቅ በሌንስ ካልሆነ አይታይም።

እንደሰካችሁት ፊውዝ ይበላል

እዚህ ላይ ነው ትራንዚስተሩን መጠርጠር ያለባችሁ። ፊውዙን በወፍራም አትቀይሩ። በሲጋራ ፎይል የተጠቀለለ ፊውዝ አይቻለሁ። ፊውዙ ተርፎ ቦርዱ ከስሎ፣ የትራንስፎርመሩ ሽታ ቤቱን ሞልቶ። ባለቤቱ «እስከ ትናንት ይሰራ ነበር» አለኝ። አዎ፣ ትናንት ነበር ማቆም የነበረበት።

ትራንዚስተሮቹን በዳዮድ ሞድ ለኩ። በኮሌክተርና በኤሚተር መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ጢጥ ካለ አልቋል። ሲ5200 እና ኤ1943 ዓይነቶቹ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ከሞተ ሁለቱንም ቀይሩ። የኤሚተር ሬዚስተሮቹንና ከኋላ የሚነዷቸውን ትናንሽ ትራንዚስተሮችም ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። አስመስሎ የተሠራው ትራንዚስተር ደግሞ ገበያውን ሞልቶታል። ጽሑፉ ያምራል፣ ውስጡ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሲሊኮን ናት። ድምፁ ከፍ ሲል ትፈነዳለች።

ከቀየራችሁ በኋላ በቀጥታ አትሰኩ። የ60 ወይም የ100 ዋት የድሮውን ባለ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገቡ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ አሁንም ሾርት አለ። ስፒከሩን ሳታገናኙ መውጫው ላይ ዲሲ (አቅጣጫ የማይቀይር ቮልቴጅ) ለኩ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆን አለበት። 20 እና 30 ቮልት ካያችሁ ስፒከሩን እንዳታስጠጉት። ኮይሉ በሰከንዶች ውስጥ ይጨሳል።

ብዙ የማይገጥሙ

የምልክት ገመዱ ሲነቀል እምምም ማለቱ ከጠፋ ጥፋቱ የገመድ ወይም የግራውንድ ነው፤ ቦርዱን አትንኩ። ቮልዩም ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ማጽጃ ስፕሬይ። ትራንስፎርመሩ በመግቢያው በኩል ምንም ካላሳየ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው የሙቀት ፊውዝ ተበጥሷል። የ115 እና የ230 ቮልት መምረጫውንም እዩ፤ ልጅ በጣቱ ያዞረው ገጥሞኛል።

መጠገን ሲያበቃ

ቦርዱ ከስሎ ከሰል ከሆነ፣ ወይም የቺፑ ቁጥር በፋብሪካ ተፍቆ ከሆነ፣ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ሙሉውን ሰሌዳ ከነአምፕሊፋየሩ ቀይሩ። ሰሌዳው የሚገባበትን ቀዳዳ ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ለኩ። ኦሙ ከስፒከሩ ጋር ይግጠም፤ 8 ኦም ብቻ የሚችል አምፕሊፋየር ላይ 4 ኦም አትስቀሉ። ዋቱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን እመኑ።

ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ለዚያ ሳጥን ተብሎ የተስተካከለ ማጣሪያ ነበረው። ሳጥኑ የአየር ቀዳዳ ያለው ከሆነ አዲሱ በጣም ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይኑረው። የአየር ቀዳዳው ከተስተካከለበት ድምፅ በታች ስፒከሩን የሚይዘው አየር የለም፤ ወዲያ ወዲህ ሲወረወር ኮይሉ ይላላጣል። ተስማሚ ሰሌዳ ካጣችሁ የሰሌዳውን ቀዳዳ በእንጨት ዘግታችሁ ከውጭ ሌላ አምፕሊፋየር መጠቀም ይቻላል። ከባዱን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ መውጫ ከሪሲቨሩ ካላችሁ ይበቃል።

ሰሌዳውን ስትመልሱ የዙሪያውን ስፖንጅ አዲስ አድርጉት፤ ብሎኖቹንም በተቃራኒ ማዕዘን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዴ ሁለት ሰዓት የፈጀብኝ «የተበላሸ» ድምፅ በአንድ የላላ ብሎን ሥር የሚያፏጭ አየር ነበር።