ንግዱ ሲዘጋ የዋስትናው ፊርማ አብሮ አይዘጋም

ሱቁ ተዘግቶ ቁልፉ ለአከራዩ ከተመለሰ በኋላም የዋስትና ውሉ ሥራ ላይ ነው። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢሆንም፣ ባለድርሻው በራሱ ስም ዋስ ሆኖ ከፈረመ ለዚያ ዕዳ የማኅበሩ ከለላ አያድነውም። በግል ስሙ ንግድ ፈቃድ ያወጣ ነጋዴ ግን ዕዳው ከመነሻውም የራሱ ነው፤ በዋስትና የሚጠየቀው የፈረመለት ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን በእጅዎ ያድርጉ። ያበደረውን ቅርንጫፍ የብድሩንና የዋስትናውን ውል፣ ኋላ የተጨመሩ ውሎችንና ወለድና ቅጣት ተለይተው የሚታዩበትን የሒሳብ መግለጫ በደብዳቤ ይጠይቁ። በእጅዎ በሚቀረው የደብዳቤው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱበት፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ውሉ ላይ የገንዘቡን ጣሪያ ይፈልጉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። የተገለጸ ከሆነም ከዚያ በላይ አይጠየቁም፤ ስለዚህ ባንኩ የላከልዎትን ድምር ሳያመሳክሩ አይቀበሉ።

ቀጥሎ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ይፈልጉ። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚፈርመው ይህንን ነው። ሐረጉ ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል (ቁጥር 1933)። ተራ ዋስ ከሆኑ ግን «መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይሸጥ» ማለት ይችላሉ፤ ይህንንም በመጀመሪያው መልስዎ ላይ ያንሱት፣ ንብረቱ የት እንዳለም ይጠቁሙ።

ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛዎ መፈረሙን ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ500 ብር በላይ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጊዜው ግን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው፣ ቢበዛም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት። ይህ ቀን ሳይታወቅ አልፎ ቤተሰብ ሲጎዳ ማየት ያሳዝናል።

ቤት በመያዣነት ተሰጥቶ ከሆነ ነገሩ ይፈጥናል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤው በደረሰዎት ሳምንት ወደ ባንኩ ይሂዱ። ገዢ ራስዎ ፈልገው በባንኩ ፈቃድ መሸጥ ከሐራጅ የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝ ይችላል። የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ሲጠይቁ በወር ምን ያህል እንደሚችሉ በቁጥር ያቅርቡ። የዕዳ ማመኛ ወረቀት ቢያቀርቡልዎት ግን ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ፤ ማመን የይርጋውን ጊዜ (ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ) እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

መጥሪያ ከመጣ፣ ልደታም ይሁን ሌላ ችሎት፣ ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት (ያለ ሙሉ ክርክር በፍጥነት በሚታይበት መንገድ) መቅረቡን ይመልከቱ። ከሆነ በቃለ መሐላ አስደግፈው የመከላከያ ፈቃድ ካልጠየቁ መከራከር አይችሉም። በሌሉበት ከተፈረደም፣ ያልቀረቡበት በቂ ምክንያት ካለዎት፣ ፍርዱን ካወቁ በ1 ወር ውስጥ እንዲነሳ ያመልክቱ። በፍርዱ አፈጻጸም ጊዜ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ አይወሰድም፤ ሁለት ሦስተኛው የተጠበቀ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ለተበዳሪው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ከፊሉን ከፍሎ ወይም የሚያነሳው መከራከሪያ ኖሮት ሊሆን ይችላል። ደረሰኙ ላይ «በዋስነት የተከፈለ» ተብሎ ይጻፍ፤ ኋላ ገንዘብዎን ከእሱ የሚጠይቁት በዚያ ነው። ዕዳው ሲያልቅም ከዕዳ ነጻ የሆኑበትን ደብዳቤ ይቀበሉ፤ ቤት ተይዞ ከነበረ በይዞታው ፋይል ላይ ያለው የመያዣ ምዝገባ መሰረዙን ራስዎ ሄደው ይዩ።