ሰከንድ ሃንድ ቢኤምደብሊው ኤም ፋይቭ ወይ መርሴዲስ ኢ63 ልትገዙ ያሰባችሁ ጎንደሬዎች ብር ሳትቆጥሩ ይቺን አንብቡ

ሰሞኑን ሦስት ልጆች ስለዚ ነገር ጠየቁኝ፣ ሁሉም የሚጀምሩት «ዋጋው ይቀነሳል ወይ» ብለው ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው ባይ ነኝ፣ ይሄ መኪና ቀጥሎ የሚመጣበት ትልቅ ጥገና ምንድነው፣ ተሠርቷል ወይስ እኔን እየጠበቀኝ ነው? ምክንያቱም እንዲህ አይነት መኪና አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የራሱ ዋጋ ይወርዳል እንጂ የእቃው ዋጋ አብሮት አይወርድም፣ የፍሬን ዲስክና ሸራ ስትጠይቁ የሚነገራችሁ የዚያ የውዱ መኪና ዋጋ ነው፣ እቃውም ሱማሌ ተራ ካልተገኘ ከዱባይ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ከ2016 ጥር ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተባለ ሻጩ «እንደዚ አይነት ድጋሚ አታገኝም» እያለ ያጣድፋችኋል። አትጣደፉ።

እያንዳንዱ የራሱ የታወቀ በሽታ አለው። ኢ60 የሚባለው ኤም ፋይቭ፣ በፈረንጅ ከ2005 እስከ 2010 የተሠራው፣ 5 ሊትር ቪ10 ሞተር 507 ፈረስ ጉልበት ያለው በደቂቃ እስከ 8250 ዙር የሚጮህ ድንቅ መኪና ነው፣ እኔ ድምፁን ስሰማ አሁንም ልቤ ይመታል፣ ግን ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚገናኝበት ብሮንዝ ይበላል፣ ከተበላ በኋላ ዝም ብሎ ከተነዳ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ይሄዳል። ስለዚ ሻጩን «ብሮንዙ መቼ ተቀየረ፣ ማን ቀየረው፣ ደረሰኙስ» በሉት። ዘይቱም 10 ደብሊው 60 ነው፣ ሌላ ያገኘውን ሲጨምርበት የኖረ ሰው ከሆነ ተዉት። ብዙዎቹ ላይ ያለው ኤስኤምጂ የሚባለው ካምቢዮ ደግሞ ውስጡ እንደ ማንዋል ፍሪሲዮን ያለው ነው፣ ፍሪሲዮኑን የሚይዝና የሚለቀው ግን እግራችሁ ሳይሆን የዘይት ፓምፕ ነው፣ እና እንደኛ ከተማ ዳገት ላይ በሰልፍ እየተሳበ ሲቆምና ሲሄድ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል።

የፊተኛው ኢ63 (ደብሊው 211 የሚባለው) ስሙ 63 ይበል እንጂ ሞተሩ 6.2 ሊትር ነው፣ 514 ፈረስ ጉልበት። የሱ ችግር የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ላይ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የሚያስሩት ብሎኖች መበላታቸውና መበጠሳቸው ነው፣ ያኔ የራዲያተር ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃው እየጎደለ የት እንደሚፈስ ካልታወቀ ተጠራጠሩ። የሚቆመው ደግሞ በሞላ ሳይሆን በአየር ስለሆነ አንድ ሌሊት ቆሞ ጠዋት አንዱ ጥግ ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት አየር ያፈስሳል ማለት ነው።

አሁን ዋናው፣ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ስሙት። አንድ ጊዜ ካክስቴ ልጅ ጋ አዘዞ አንድ ኢ63 ልናይ ሄድን፣ ቀጠሮው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር፣ ጎንደር በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቃላችሁ፣ የሌሎቹ መኪኖች ኮፈን ላይ ጤዛ ተኝቷል የሱ ግን ደረቅ ነው። እጄን አስቀመጥኩበት፣ ሙቅ። ሰውየውን «ማታ ጠፍቶ ነው ያደረው?» ስለው «አዎ አልተነሳም» አለኝ። ምንም አልተጨቃጨቅንም፣ ቁርስ በልተን ሌላ ቦታ ቆይተን ከሰዓት በኋላ ተመለስን፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ ከቴስታታው በኩል ጣጣጣ የሚል ድምፅ ወጣ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ አልጠፋም። አመሰገንንና ሄድን። እንዲህ ያለ ሞተር ከሞቀ በኋላ ብዙ ነገር ይደበቃል፣ ስለዚ ቀድሞ የሞቀ ካጋጠማችሁ ቀጠሮ ቀይሩ፣ ሻጩ ከተቆጣ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከዚያ ወደ ጎሃ ዳገቱን ይዛችሁ ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ፣ መሃል ላይ ቁሙና ድጋሚ ተነሱ፣ ካምቢዮው ይመታል ወይ፣ ይንሸራተታል ወይ፣ ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል ወይ። ስትወርዱ ኮብልስቶን ላይ መስኮት ዘግታችሁ ሬዲዮ አጥፍታችሁ ሂዱ፣ ከታች የሚንኳኳ ነገር ያኔ ይሰማል። የኤም ፋይቩ ጎማ ከፊት 255/40 ከኋላ 285/35 ባለ 19 ነው፣ ስፋታቸው ስለሚለያይ የፊቱን ወደ ኋላ አታዞሩትም፣ የጎማው ጎን አጭር ስለሆነም ቸርኬው ጉድጓድ ላይ ይጣመማል፣ አራቱንም ጎማ አስፈትታችሁ ባላንስ ላይ ሲሽከረከር እዩት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጎንደር ከባህር ወለል 2,100 ሜትር አካባቢ ነች፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ካቅሙ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚ 507 ያለው ወደ 400 ቢጠጋ ሞተሩ ታሟል ማለት አይደለም፣ ቱርቦ ያላቸው ግን (የኋለኛው ኤም ፋይቭ 4.4 ሊትሩና 5.5 ሊትሩ ኢ63) ብዙም አይጎዱም፣ እነሱ እዚህ ከደከሙ ችግር አለ።

ከሁሉም በፊት ኮምፒውተር አስነብቡ። የዳሽቦርድ መብራት ስላልበራ ጤነኛ ነው አይባልም፣ ከመምጣታችሁ በፊት ፎልቱን (ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ብልሽት) አጥፍተውት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ከተነዳ በኋላ ድጋሚ ይነበብ።

ወረቀቱ ላይ አትስነፉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት መኪናው የተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ይጣራ፣ ቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባለቤቱም ይፈርሙ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ዋናውን ባለቤት በስልክም ቢሆን ሳታገኙ ቀብድ አትስጡ፣ ውክልና ሊሻር ይችላል፣ ሰውየው ከሞተም ይቆማል። ብሩ በባንክ፣ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት።

ለመኪናው ከያዛችሁት ብር ቢያንስ ሩቡን ሳትነኩ አስቀሩ፣ ይሄ የኔ ልክ ነው፣ የተቻለው ሲሶውን ያስቀር። ገዝታችሁ ቤት ስታስገቡ ደግሞ መጀመሪያ ዘይቱን ቀይሩና የወጣውን ፊልትሮ አትጣሉት፣ ቆርጣችሁ ውስጡ ያለውን ወረቀት ፀሐይ ላይ ዘርጉት፣ ጥቁር ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ካያችሁበት ግን መኪናውን ሳታስነሱ ሜካኒኩን ቤት ድረስ ጥሩት።