ኢሜይልን ከፍላሽ በሚሠራ ተንደርበርድ ሲፈትሹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተንደርበርድ ፖርተብል የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ይነሳል። አካውንቱም፣ ፓስዎርዱም፣ የወረደው መልዕክትም እዚያው ፍላሹ ላይ ይቀመጣል። "ኢሜይሌ እምቢ አለኝ" ለሚል ሰው ጥፋቱ የሰርቨሩ ይሁን የገዛ ኮምፒውተሩ ለመለየት እኔ የምይዘው እሱን ነው።

የሰው የኢሜይል ሳጥን በፖፕ 3 (መልዕክትን ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተር በሚያወርደው ዘዴ) መክፈት። ይሄኛው እኔኑ ጉድ ሠርቶኛል። የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ሳጥን "አንዴ ልየው" ብዬ ከፈትኩና ሄድኩ። በማግስቱ ተደወለ፤ የገቡት መልዕክቶች በሙሉ ጠፍተዋል። ለካ ኪሴ ውስጥ ናቸው! ፖፕ 3 "ሰርቨሩ ላይ ተዋቸው" ካልተባለ አውርዶ ያጠፋል። ደግነቱ ፍላሹን አላጸዳሁትም ነበርና ያንኑ ሳጥን በአይማፕ (መልዕክቱን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ በሚያሳየው ዘዴ) አስገብቼ መልዕክቶቹን ጎትቼ መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ የምፈትሸው በአይማፕ፣ በፖርት (በሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) 993 ነው። ፖፕን መፈተሽ ግድ ከሆነ ግን መልዕክት ከመውረዱ በፊት ያንን ምርጫ፣ ከሥሩ ያለውን የቀን ገደብም ጭምር ይዩት።

አይማፕም ዝም ከተባለ የሳጥኑን ይዘት ወደ ፍላሹ ይገለብጣል። ፋት 32 በሚባለው የፋይል አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። መልዕክት በኮምፒውተሩ ላይ እንዲቀመጥ የሚያዘውን ምርጫ ያጥፉት።

ከራስ ወደ ራስ ልኮ "ይሠራል" ማለት። መልዕክቱ እኮ ከሰርቨሩ ሳይወጣ ሊደርስ ይችላል! ሌላ ድርጅት ጋ ወዳለ ሳጥን ይላኩ፣ ስፓሙንም ይዩ፣ ከዚያ መልስ ይጻፉ። መላኪያው ፖርት 587 ወይም 465 ይሁን። 25 ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚላላኩበት ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ስለሚዘጉት እዚያ ላይ አልሄድ ቢል ሳጥኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ጂሜይል ፓስዎርዱን አልቀበልም ሲል ቶሎ ፓስዎርድ መቀየር። ጎግል ለግል አካውንቶች ተራውን ፓስዎርድ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም መቀበል ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የመግቢያውን ዘዴ ኦውዝ 2 (ፓስዎርዱን ለፕሮግራሙ ሳይሰጡ የሚገቡበት) ያድርጉትና በጎግል በራሱ ገጽ ይግቡ።

የሰርተፍኬት (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው) ማስጠንቀቂያ ሲመጣ "ተቀበል" ብሎ ማለፍ። የመጡት ችግር ሊፈልጉ አይደል? ጊዜው ያለፈበት ወይም ስሙ የማይገጥም ሰርተፍኬት ራሱ የፍተሻው ውጤት ነው፤ ይመዝግቡት።

በመጨረሻ፣ ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊት ፕሮግራሙን ይዝጉ፤ ተከፍቶ ከተነቀለ ፕሮፋይሉ (አካውንቱና መልዕክቱ ያለበት ፎልደር) ሊበላሽ ይችላል። ዋና ፓስዎርድ ካላበጁለት ደግሞ ፍላሹ እጁ የገባ ሁሉ የተቀመጡትን ፓስዎርዶች ያነባል። እኔ አካውንቱን ከነወረደው መልዕክት የምሰርዘው እዚያው፣ ባለቤቱ እያየ ነው።