ፎቶና ሙዚቃ ኮምፒውተር ላይ ሲመሰቃቀል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የፎቶና የሙዚቃ ፎልደር የሚበላሸው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ቀን ስልኩ ሞልቶ በጥድፊያ ይገለበጣል። ሌላ ቀን ከፍላሽ ኮፒ ይደረጋል። «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የስልክ ፎቶ የመጨረሻ» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ አንዷን ፎቶ ስትፈልጓት ወይ የለችም፣ ወይ ሦስት ቦታ አለች።

ወደ ችግሮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ስለ አንድ ፎቶ ወይም ዘፈን ያለው መረጃ የሚቀመጠው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ራሱ ፋይሉ ውስጥ ነው። ፎቶ ላይ ኤክዚፍ፣ ኤምፒ3 ላይ ታግ ይባላል። ሁለተኛው ዲስኩ የሚመዘግበው ነው፦ የፋይሉ ስም፣ ያለበት ፎልደር፣ እዚያ ያረፈበት ቀን። ሦስተኛው ፎቶ የምታዩበት ወይም ሙዚቃ የምትሰሙበት ፕሮግራም ለራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት እነዚህ ሦስቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። የትኛው እንደተሳሳተ ካወቃችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል።

ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ሙሉውን ፎልደር ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ዘፈን ብዙውን ጊዜ ድጋሚ ይገኛል። ቤተሰብ ያነሳችሁት ፎቶ ግን አይገኝም።

«ፎቶዎቹ ሁሉ ባለፈው ሳምንት የተነሱ ይመስላሉ»

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ዊንዶውስ ላይ ፎቶውን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ» ግቡ። «ዴት ቴክን» የሚለውን ፈልጉ። ይህ ካሜራው በዚያች ቅጽበት ፋይሉ ውስጥ የጻፈው ቀን ነው። «ዴት ክሪኤትድ» ግን ፋይሉ እዚህ ዲስክ ላይ ያረፈበት ቀን ነው። ወደ አዲስ ቦታ ኮፒ ባደረጋችሁ ቁጥር ኮፒው አዲስ ቀን ይይዛል። ለዚህ ነው አንዳንዴ ፋይሉ ከመፈጠሩ በፊት የተሻሻለ የሚመስለው። ቫይረስ አይደለም።

«ዴት ቴክን» ትክክለኛውን ቀን ካሳየ ምንም አልጠፋም። ፎልደሩ በሌላኛው ቀን ስለተደረደረ ነው። ፎልደሩን በ«ዲቴይልስ» እይታ ክፈቱት። ከላይ ያሉትን የአምድ ርዕሶች በቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዴት ቴክን»ን ጨምሩ። እሱን ስትነኩት ሁሉም በየቦታው ይገባል።

ባዶ ከሆነ ፎቶው በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፣ ኤክዚፉም ይወልቃል። የሚሻለው ላኪው ዋናውን እንደ ፋይል አድርጎ ድጋሚ እንዲልክ መጠየቅ ነው። ካልተገኘ የፋይሉን ስም አንብቡ። አንድሮይድ ላይ ከዋትስአፕ የወረደ ፎቶ «አይኤምጂ-20190317» ብሎ ከጀመረ የመጣው ማርች 17 ቀን 2019 ነው። ያ እናንተ ጋ የደረሰበት ቀን ነው እንጂ የተነሳበት ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

ሦስተኛው ዓይነት ቀን ኖሮት የማይሆን ቀን ነው። አንድ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ነበረን። ባትሪው ወጥቶ ወራት ከተቀመጠ በኋላ ሰዓቱ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ይመለሳል። አንድ ሙሉ የቤተሰብ ዝግጅት በዚያ ቀን ተመዝግቦ አገኘሁት። እንደዚህ ሲያጋጥም እያንዳንዱን ፎቶ በግምት አታርሙ። የሰዓቱ ስህተት ለሁሉም ፎቶ እኩል ነው። ያን ቀን ሌላ ሰው በስልክ ያነሳው ተመሳሳይ ፎቶ ፈልጉ። እኔ ያገኘኋት አንዲት ፎቶ ነበረች። ሁሉም ሰው በሩ ጋ ቆሟል፣ አንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኗል። ካሜራው 2000-01-01፣ 00:47 ይላል። ስልኩ 2014-06-08፣ 15:47 ይላል። ስለዚህ ልዩነቱ 14 ዓመት ከ5 ወር ከ7 ቀን ከ15 ሰዓት ነው። ዲጂካምም ኤክዚፍቱልም የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች የብዙ ፎቶን ቀን በአንድ ጊዜ መግፋት ይችላሉ። ካሜራው በዚያ የተሳሳተ ሰዓት ያነሳቸውን ብቻ መርጣችሁ አስተካክሉ።

ለፎልደር ስም ዓመትን አስቀድሙ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፦ «2014-06-08 ምርቃት»። እንዲህ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ በፊደል ሲደረድረው በጊዜ ቅደም ተከተል ይቀመጣል። ቀኑን ካስቀደማችሁ የየዓመቱ 8ኛ ቀን ሁሉ አንድ ላይ ይከማቻል።

«ፎቶው ነበረ፣ አሁን በስሙ ሌላ ፎቶ ነው ያለው»

ብዙ ካሜራና ስልክ ለፎቶ ስም የሚሰጠው በተራ ቁጥር ነው። 9999 ሲደርስ ከ0001 ይጀምራል። ሁለት ስልክ ያለበት ቤት ደግሞ «አይኤምጂ_0412» የሚባል ፎቶ ከሁለቱም ይመጣል። ሁለቱን አንድ ፎልደር ውስጥ ስትገለብጡ ዊንዶውስ ይጠይቃችኋል። «ሪፕሌስ» ካላችሁ የቀድሞው ሄደ። ሪሳይክል ቢን ውስጥም አታገኙትም።

እኔ የእህቴን ስልክ የራሴ ፎቶዎች ባሉበት ፎልደር ላይ ገልብጬ ጥያቄውን ሳላነብ «ሪፕሌስ» ብያለሁ። ከእናታችን ጋር የተነሳኋት ፎቶ እንደጠፋች ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ያ ጥያቄ ሲመጣ ቆም በሉ። ሁለቱን ፋይሎች የሚያነጻጽረውን ምርጫ ንኩ። መጠናቸውንና ቀናቸውን ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ሁለቱም ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ሁለቱም ይቀራሉ፣ አንዱ ስሙ ላይ ቁጥር ይጨመርለታል።

ለወደፊቱ ግን ከስልክ በገለበጣችሁ ቁጥር አዲስ ፎልደር ክፈቱ። ከዚያ ዲጂካም ፋይሎቹን በተነሱበት ቀንና ሰዓት እንዲሰይማቸው አድርጉ፦ «2019-03-17_14-05-22»። እንዲህ ያለ ስም ከሌላ ፎቶ ጋር የሚጋጨው ከስንት አንዴ ነው።

«አንድ ፎቶ አምስት ቦታ አለ፣ ዲስኩም ሞላ»

ዱፕጉሩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ተደጋጋሚ ፋይል ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ድግግሞሽ ለዩ። ይዘታቸው ፍጹም አንድ የሆኑ ፋይሎች አሉ፤ አንዱን ብታጠፉ ምንም አይቀርባችሁም። መልካቸው የሚመሳሰል ፎቶዎችም አሉ። እነዚህን በዓይናችሁ ሳታዩ አታጥፉ። አንዱ ከስልኩ የመጣ 4000 በ3000 ፒክስል፣ ሌላው ተልኮ የመጣ 1600 በ1200 ሊሆን ይችላል። ትልቁን አስቀሩ።

ተደጋጋሚ የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። ባለሙያ ካሜራ አንዱን ፎቶ በሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ በሚይዘው ዓይነት) እና በተለመደው ጄፔግ አድርጎ በአንድ ስም ሊያስቀምጥ ይችላል። አይፎንም «ላይቭ ፎቶ» ሲያነሳ አጭር ቪዲዮ በዚያው ስም አብሮ ያስቀምጣል። ቪዲዮውን ካጠፋችሁት ፎቶው መንቀሳቀሱን ያቆማል።

የመረጣችሁትን ወደ ሪሳይክል ቢን ላኩና ቢያንስ ለአንድ ወር አታጽዱት። ፍላሽ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሪሳይክል ቢን የለም፣ የተሰረዘው በቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ ማጽዳቱን ኮምፒውተሩ ላይ ሥሩት።

«ፎቶው አይከፈትም» እና «ፎቶው ተጋድሟል»

ከአይፎን የመጣ ከሆነና የፋይሉ ዓይነት ሄይክ ከሆነ አልተበላሸም። አይፎን ከ2017 ጀምሮ፣ ከአይኦኤስ 11 ወዲህ፣ ቦታ ለመቆጠብ በዚህ ዓይነት ማስቀመጥ ጀመረ። ዊንዶውስ ላይ ከማይክሮሶፍት ስቶር «ሄይፍ ኢሜጅ ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ጫኑ። ወይም ስልኩ ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ካሜራ»፣ «ፎርማትስ» ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል»ን ምረጡ። ከዚያ ወዲህ የሚነሳው በጄፔግ ይሆናል። የፋይሉ መጠን 0 ባይት ከሆነ ግን ግልበጣው ተቋርጧል። ስልኩ ላይ ያለውን ሳታጠፉ ድጋሚ ገልብጡ።

የተጋደመ ፎቶ ነገሩ ቀላል ነው። ስልኩ ምስሉን አያዞረውም፤ «ወደዚህ ዙሮ ይታይ» ብሎ ኤክዚፍ ውስጥ ይጽፋል። ያንን የማያነብ ፕሮግራም አጋድሞ ያሳያል። ዲጂካም ውስጥ አዙራችሁ አስቀምጡት።

«አንዱ አልበም አራት ቦታ ተበታተነ»

ወደ ሙዚቃ እንምጣ። አሥር ዘፈን ያለው አልበም ማጫወቻው ላይ አራት አልበም ሆኖ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የ«አርቲስት» ቦታ ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እንግዳ ድምፃዊ ካለ ስሙ አብሮ ይጻፋል። ማጫወቻው ያንን ሌላ ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። መፍትሄው «አልበም አርቲስት» የሚባለው ታግ ነው። ኤምፒ3ታግ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ የአልበሙን ዘፈኖች በሙሉ ምረጡ፣ «አልበም አርቲስት» ላይ አንድ ስም ጻፉና ሴቭ አድርጉ። ስብስብ ከሆነ «የተለያዩ ድምፃውያን» በሉት። የእንግዳው ስም «አርቲስት» ላይ ይቀመጥ፣ አታጥፉት።

አሁንም ካልተሰበሰበ የአልበሙን ስም ፊደል በፊደል እዩ። በእኛ ፊደል ይህ ብዙ ጊዜ ይከሰታል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የድምፃዊ ስም ላይም ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ እየተለዋወጡ አንዱን ሰው ለሁለት ይከፍሉታል። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ሁሉንም በእሱ አድርጉ። ፎቶ ፎልደር ስትሰይሙም እንደዚያው፣ አለዚያ ስትፈልጉት አይመጣላችሁም። ሌላው በዓይን የማይታየው ጥፋት ከስሙ መጨረሻ የቀረ አንድ ባዶ ቦታ ነው። ሁሉንም መርጣችሁ ስሙን አንድ ጊዜ ብትጽፉት ይጠፋል።

«የዘፈኑ ስም የጥያቄ ምልክት ሆነ»

ኤምፒ3 ላይ ያለው ታግ የሚጻፍበት መንገድ አይዲ3 ይባላል። የመጀመሪያው አይዲ3 ታግ በ1996 የወጣ ነው። ከፋይሉ መጨረሻ ላይ በ128 ባይት የሚቀመጥ ሲሆን ለዘፈን ስም ቦታው 30 ፊደል ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ለመያዝ የታሰበ አይደለም። መፍትሄው በምታዩት ምልክት ይለያያል። ባዶ ሳጥኖች ከሆኑ ስሙ አለ፣ የጎደለው ማጫወቻው ላይ የሚያሳይ ፎንት ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ጽሑፉ በተሳሳተ ኮድ ተነቧል፤ ኤምፒ3ታግ ኮዱን (ኮድፔጅ ይለዋል) የሚቀይር ትዕዛዝ ስላለው ብዙ ጊዜ ይድናል። ራሱ የጥያቄ ምልክት ከተጻፈ ግን ፊደሉ ጠፍቷል። በእጅ መጻፍ ነው፣ ወይም ድምፁን ለይቶ ስሙን ከኢንተርኔት የሚያመጣውን ፒካርድን መሞከር። ብዙም ያልታወቀ ዘፈን ላይገኝ ይችላል።

እንዳይደገም ኤምፒ3ታግን አይዲ3 ስሪት 2.3ን በዩቲኤፍ-16 (የግዕዝን ፊደል በሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) እንዲጽፍ አዘጋጁት። ብዙ አሮጌ ማጫወቻም ይህን ያነባል።

ዘፈኖቹ 1፣ 10፣ 11፣ 2 እያሉ ከተደረደሩ ደግሞ 01፣ 02 ብላችሁ ሰይሟቸው። አንዳንድ የመኪና ማጫወቻ ግን ስምን ትቶ ፍላሹ ላይ በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውተው። ያኔ ፍላሹን አጽድታችሁ በተራ ገልብጡ።

«ፕሮግራሙ ፋይሉን አላገኘሁም ይላል»

ፕሮግራሙ የያዘው የፋይሉን አድራሻ ነው። ፎልደሩን ከውጭ ስታዛውሩት እሱ አያውቅም። ከቻላችሁ መልሱትና ዝውውሩን ከፕሮግራሙ ውስጥ ሥሩት። ሙዚቃው ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ከሆነ ምናልባት ትላንት «ኢ» የነበረው ዲስክ ዛሬ «ኤፍ» ሆኖ ነው። «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ የድሮውን ፊደል ስጡት። ሁሉም ዘፈን ባንዴ ይመለሳል።

ረጅም ቪዲዮ ወደ ፍላሽ አልገባ ካለ፣ ቦታም እያለ፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው አሮጌ ዓይነት ነው። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል።

«አጥፍቼዋለሁ»

መጀመሪያ የክላውዱን ቅርጫት እዩ። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገን ፎቶ ለ60 ቀን ያቆያል። ዋንድራይቭ በግል አካውንት ለ30 ቀን። በነገራችን ላይ እነዚህ ስልክና ኮምፒውተርን የሚያመሳስሉ ናቸው። አንዱ ጋ ስታጠፉ ሌላውም ጋ ይጠፋል። ስለዚህ ብቻቸውን እንደ ባክአፕ አትቁጠሯቸው፤ ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ የማይቆይ አንድ ዲስክ ላይም ይኑራችሁ።

ከሜሞሪ ካርድ ከሆነ የጠፋው ካርዱን ወዲያው አውጡ። አንድም ፎቶ አታንሱበት። የተሰረዘው ፎቶ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። የብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ዲስክ የሆነው ኤስኤስዲ ላይ ግን የተሰረዘውን ዲስኩ ራሱ ስለሚያጸዳው ተስፋው ትንሽ ነው። ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋችሁ ካርዱን አስፈልጉት። የሚያገኘውን ካርዱ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

የሚወጡት ፋይሎች ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ነው የሚመጡት፣ ፎልደራቸውም የለም። ስታዩት ትደነግጣላችሁ። ግን አንዱን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ዴት ቴክን»ን እዩ። ዲስኩ የመዘገበው ጠፋ እንጂ ፋይሉ ውስጥ ያለው ቀን አለ። ዲጂካም በዚያ ቀን መልሶ ይሰይማቸዋል።