የአኦርታ ግድግዳ እንዴት ይላላል? ከበግ ልብ ጀምረን እንየው

ደሴ ላይ በአረፋም ሆነ በፋሲካ በግ ሲታረድ ጉበቱን የሚሻማ አይጠፋም። ከልቡ አናት የምትወጣዋን ነጭ ቧንቧ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እኔ የምፈልገው እሷን ነው። ባለፈው አረፋ አጎቴ ቢላቸውን እየሳሉ፣ «አንተ ልጅ ደግሞ የማይበላውን ትመርጣለህ!» አሉኝ።

ያቺ ቧንቧ አኦርታ ትባላለች። ከልብ ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም በሙሉ በእሷ በኩል ያልፋል። የሰው አኦርታ መነሻዋ ላይ ወደ 3 ሳንቲሜትር ትሰፋለች፣ ሆድ ውስጥ ስትደርስ ወደ 2 ትጠባለች። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል። በመታ ቁጥር እሷ ትለጠጣለች፣ ትመለሳለች። ታዲያ ስትታመም ምኗ ነው የሚበላሸው? በሥዕል ከማየት በእጅ መንካት ይሻላል።

መጀመሪያ ብልት የሚያወጣውን ሰው ልቡን ከነቧንቧው እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። አራት ጣት ያህል ይተውላችሁ። ከልቡ አናት ሁለት ወፋፍራም ቧንቧዎች ይወጣሉ። አንዷ ሳሳ ያለች ናት፣ ወደ ሳንባ ነው የምትሄደው። ወፈር ያለችውና ተቆርጣም አፏን ከፍታ የምትቀረው አኦርታ ናት።

ከጫፏ አንድ ጣት የሚያህል ቀለበት ቁረጡ። በሁለት ጣት ለጥጣችሁ ልቀቋት። ጠብ ብላ ትመለሳለች፣ ልክ እንደ አዲስ ሱሪ ላስቲክ። ይህን የሚያደርገው ኢላስቲን የሚባል ክር ነው። አብሮት ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ክር አለ፣ እሱ ደግሞ ከልክ በላይ እንዳትለጠጥ ይይዛታል። ካላመናችሁ ሌላ ቁራጭ ከሥጋው ጋር ቀቅሉ። ኮላጅኑ ቀልጦ መረቁን ያጣብቀዋል። ኢላስቲኑ ግን እሳት አይበግረውም። ሥጋው ሲበስል እሷ እንደ ጎማ ናት።

አሁን የቀረውን ቧንቧ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ትሪ ላይ ዘርጉት። ውስጡ ልስልስ ነው፣ ያንሸራትታል። በሰው ላይ ዕድሜ ሲገፋ፣ ሲጋራና ደም ግፊት ሲጨመርበት፣ እዚህ ልስላሴ ላይ ስብ ይቋጠራል። ሲቆይ ካልሲየም ይጋገርበታል። የእናንተ በግ ወጠጤ ስለሆነ ይህን አታገኙበትም።

ዋናው ነገር መሃል ላይ ነው። ግድግዳዋ ሦስት ሽፋን አለው፤ ወፍራሙ መሃለኛው ነው። የቁራጯን ጠርዝ በጥፍራችሁ ፈልቀቅ አድርጉ። እንደ ሽንኩርት ንብርብር ሆኖ ይላጣል። ቀጥሎ አዲስ ሲሪንጅ ውሃ ሙሉና መርፌውን አጋድማችሁ ወደ ግድግዳው ውፍረት አስገቡ። ቀስ ብላችሁ ግፉ። ውሃው ንብርብሩን እየለያየ መንገድ ያወጣል፣ ላዩ ላይ እባጭ ይነሳል። (መርፌውን ልጅ የማያገኘው ቦታ ጣሉ።)

ሐኪሞች የአኦርታ መሰንጠቅ የሚሉት ይህንኑ ነው። የውስጠኛው ሽፋን ይቀደዳል፣ ደም ይገባል፣ መሃለኛውን እየፈለቀቀ ይወርዳል። አንዳንዴ ከደረት ተነስቶ እስከ ሆድ ይደርሳል። ደሙን የሚያግደው ስስ የውጭ ሽፋን ብቻ ይሆናል።

ግን ጤነኛ ግድግዳ እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም። አስቀድሞ የላላ ነገር አለ። እሱን ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በላብራቶሪ ቁራጯ ፎርማሊን በሚባል እንዳትበሰብስ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ ትቆያለች፣ ሰም ውስጥ ትቀበራለች፣ ከዚያ 5 ማይክሮሜትር ያህል ሳስታ ትቆረጣለች። አንድ ሚሊሜትር ለ200 ቢከፈል ማለት ነው። ኢላስቲኑን የሚያጠቁር ቀለም ይጨመርባታል። ጤነኛዋ ላይ ጥቁር መስመሮች እንደ ጋቢ ድር ተደርድረው ይታያሉ። ደረት ውስጥ ባለው የሰው አኦርታ 50 ያህል ናቸው። በታመመችው ላይ ድሩ ተበጣጥሷል። በመሃሉ የነበሩት የጡንቻ ሴሎች ሞተዋል። ባዶ ቦታውን ንፍጥ የመሰለ ነገር ሞልቶታል።

የሚያናድደው፣ ኢላስቲን በአብዛኛው የሚሠራው በልጅነት ነው። እንደ አዋቂ ጥርስ ነው፤ ከተሰበረ ተተኪ የለውም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሲወለድም ድሩ ደካማ ነው። የማርፋን ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ናቸው። ብዙዎቹ ረዣዥም፣ ክንድና ጣታቸው የተሳበ ነው። ምክንያት የሆነው የዘር ጉድለት የታወቀው በ1991 እንደ ፈረንጆቹ ነው።

የላላ ግድግዳ ሁሉ አይሰነጠቅም፣ ቀስ እያለ የሚያብጥም አለ። ፊኛ ስትነፉ መጀመሪያ ጉንጭ ያስጨንቃል፤ አንዴ ከሰፋ በኋላ ግን በትንሽ ትንፋሽ ይነፋል። አኦርታም ከሰፋች ግድግዳዋ ላይ የሚያርፈው ጫና ይብሳል። ሆድ ውስጥ 3 ሳንቲሜትር ከደረሰች አብጣለች ይባላል። 5.5 አካባቢ ስትደርስ የቀዶ ሕክምና ነገር ይነሳል። እስከዚያ ብዙ ጊዜ አታምም። በአልትራሳውንድ ግን ትታያለች።

ድንገት ደረትን ወይም በሁለቱ ትከሻ መሃል ያለውን ጀርባ የሚቀድድ ሕመም ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ብርድ ነው» ብሎ ጀርባ ማሸት የለም፣ ዳማከሴም አይጠጣም። ቀጥታ ሆስፒታል። ለይቶ የሚያሳየው በተለይ ሲቲ ስካን ነው።

የቀረው የደም ግፊትን መለካት ነው፤ ግፊቱ ሲበዛ ግድግዳዋ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይበዛልና። ቤት ውስጥ ይቻላል። ወሎ ላይ ፈተናው ቡናው ነው። አቦል ላይ ሆናችሁ አትለኩ። በረካው ካለቀ ግማሽ ሰዓት ይለፈው። ጀርባችሁን አስደግፉ፣ እግራችሁን አታጣምሩ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ ልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በተለያየ ቀን 140/90ና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አጎቴ መጀመሪያ «እኔ ምን አለብኝ!» ብለው ነበር። ኋላ ላይ በአንድ እጃቸው የበጓን ቀለበት እየለጠጡ ሌላውን ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። 158/96። ቀለበቷን ትሪው ላይ አስቀመጡና፣ «እስቲ ድገመው» አሉኝ።